መቄዶንያ በሮም የተሸነፈችው በጦር ስልት ነው ወይስ ያለቀውን ሠራዊት መተካት ባለመቻሏ?

የመክፈቻ ጥያቄ

ይህን ክር የከፈትሁት ስለ ሮምና ስለ መቄዶንያ ጦርነቶች በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ማብራሪያ ስላላረካኝ ነው። ጥያቄዬንና የተሰጡትን መልሶች በቅደም ተከተላቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ዓመታቱ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው።

የተለመደው ማብራሪያ የሮም ሌጌዎን (በትናንሽ ክፍሎች የተደራጀው የሮም ሠራዊት) ከመቄዶንያ ፋላንክስ (ረጅም ጦር ይዞ በተጠጋጉ ረድፎች ከሚሰለፈው እግረኛ) የላቀ የውጊያ አደረጃጀት ስለነበረ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር የሚል ነው። ምንጩ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ሲሆን፣ ሁለቱን አሰላለፎች ያነጻጸረበት ክፍል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በእርሱ አገላለጽ ሳሪሳ የተባለው የመቄዶንያ ጦር 14 ክንድ ማለትም ከ6 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ረድፎች ጦሮች ከግንባሩ ፊት ወጥተው ስለሚታዩ አንድ ሮማዊ ወታደር በአንድ ጊዜ አሥር የጦር ጫፎች ይጠብቁት ነበር። ፋላንክስ ደልዳላ መሬት አግኝቶ መስመሩን እንደጠበቀ እስከ ቆመ ድረስ ከፊት የሚቋቋመው እንደሌለ የመሰከረው ራሱ ፖሊቢዮስ ነው።

እኔ ግን የጦሩ ዓይነት የአንድን ቀን ውጊያ ቢያስረዳ ነው እላለሁ፤ የጦርነቱን ፍጻሜ አያስረዳም። ሮም በ216 በካናይ ሜዳ በአንድ ቀን፣ በፖሊቢዮስ ቁጥር 70 ሺህ ያህል ሰው አልቆባት እንኳ ከካርታጎው የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ስለ ሰላም ለመነጋገር አልፈቀደችም። የመቄዶንያው ንጉሥ አምስተኛው ፊልጶስ ግን በ197 በኪኖስኬፋላይ ኮረብታ 8 ሺህ ሰው ሞቶበት፣ 5 ሺህ ተማርኮበት ወዲያውኑ ዕርቅ ጠየቀ። ልዩነቱ ያለው ከጦር ሜዳው በስተኋላ ነው። ፖሊቢዮስ እንደጻፈው በ225 ሮምና የኢጣሊያ አጋሮቿ ለጦርነት ሊያሰልፉት የሚችሉት ሰው 700 ሺህ እግረኛና 70 ሺህ ፈረሰኛ ነበር። ፊልጶስ በበኩሉ ለኪኖስኬፋላይ ዘመቻ የ16 ዓመት ልጆችን መመልመልና ዕድሜአቸው የገፋ ወታደሮችን መልሶ መጥራት ግድ ሆኖበት ነበር። ይህን የምትቃወሙ ወይም የምታሟሉ ማስረጃችሁን እንድታቀርቡ በአክብሮት ጠየቅሁ።

1ኛ መልስ። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ በሐሳቡ ተስማምቶ ነገሩን ከሥሩ ጀመረ። ፊልጶስ በ215 ከሃኒባል ጋር የተዋዋለው ሮም በካናይ ወድቃ አትነሣም ብሎ ስላመነ እንደሆነ፣ መልእክተኞቹ ግን ሲመለሱ በሮማውያን እጅ ወድቀው ምስጢሩ እንደወጣ ተረከ። በ214 ፊልጶስ በኢሊሪያ ጠረፍ ያለችውን አጶሎንያን ሲከብብ የሮማው አዛዥ ላይቪኑስ ደርሶ ስላጨናነቀው መርከቦቹን በገዛ እጁ አቃጥሎ በየብስ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሮም ዋናውን ሸክም በሌሎች ላይ አኖረች፤ በ211 የግሪክ ከተሞች ኅብረት ከሆነው ከአይቶልያ ማኅበር ጋር በተደረገው ውል አይቶልያውያን በየብስ እንዲዋጉ፣ ሮም ቢያንስ 25 የጦር መርከቦች እንድታቀርብ፣ ከሚያዙት ከተሞች መሬቱና ቅጥሩ ለአይቶልያ፣ የሚንቀሳቀሰው ምርኮ ለሮም እንዲሆን ተወሰነ። የሚንቀሳቀስ ምርኮ ሲባል ሰውንም እንደሚጨምር አንባቢው ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። መልስ ሰጪው በመጨረሻ ፊልጶስ ለሃኒባል 4 ሺህ ወታደር ልኮ፣ ሮም ሃኒባልን በመጨረሻ ባሸነፈችበት በዛማ ጦርነት እንዳሰለፈለት ጨመረ።

2ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር መሆናቸውን የገለጹ አንድ አባት ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በለዘበ ቃል አረሙት። በዛማ የነበሩ መቄዶንያውያንን የሚያነሣው ሮማዊው ጸሐፊ ሊቪዮስ እንደሆነ፣ ለዘመኑ የሚቀርበውና ስለ ዛማ በዝርዝር የጻፈው ፖሊቢዮስ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደማያውቅ አስረዱ። ሮም በ200 በመቄዶንያ ላይ ሁለተኛውን ጦርነት ለማወጅ ምክንያት በምትፈልግበት ጊዜ እንዲህ ያለው ወሬ እጅግ ይጠቅማት እንደነበረም አመለከቱ። ቀጥለው የመጀመሪያው ጦርነት በ205 በፎይኒቄ ውል ሲያበቃ ፊልጶስ ከገባበት ብዙም ሳይጎዳ እንደወጣ አስታወሱ። ጨዋነታቸው ለክሩ ጥሩ መነሻ ሆነለት።

3ኛ መልስ። በወታደርነት አገልግያለሁ ያለ አንድ ተሳታፊ የመክፈቻ ጥያቄዬን በቀጥታ ተቃወመ። የሰው ብዛት የሚለው ነገር ጦር ሜዳ ያልረገጠ ሰው ሐሳብ እንደሆነ፣ በኪኖስኬፋላይ የሁለቱ ሠራዊት ቁጥር ተቀራራቢ እንደነበረ ጻፈ። በዚህኛው ትክክል ነበር፤ የፊልጶስ ጦር 25,500 ገደማ ሲሆን ከእነርሱ 16 ሺዎቹ ፋላንክስ ነበሩ፤ የሮማው አዛዥ ፍላሚኒኑስም ተቀራራቢ ኃይል ነበረው። መልስ ሰጪው የውጊያውን ሂደት በጥሩ ሁኔታ አብራራ። የጠዋት ጭጋግ ኮረብታውን ሸፍኖት ሳለ የሁለቱ ወገን ቃፊሮች ሳይተያዩ ተጋጩ፤ ፊልጶስ በዚያ ወጣ ገባ መሬት ለመዋጋት ባይፈልግም መልካም ወሬ በመልካም ወሬ ላይ ሲደርሰው ሠራዊቱን አወጣ። ቀኝ ክንፉ ተሰልፎ ቁልቁል ሲወርድ ግራ ክንፉ ገና ከጉዞ ሰልፍ ወደ ውጊያ ሰልፍ አልተቀየረም ነበር። ፍላሚኒኑስ የራሱ ግራ እየተገፋ መሆኑን አይቶ ወደ ቀኙ ሄደ፣ ዝሆኖቹንም አስቀድሞ ያልተሰለፈውን የመቄዶንያ ግራ በታተነው። መልስ ሰጪው ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ በትናንሽ ክፍሎች የተደራጀ ሠራዊት ያልታሰበ ነገር ሲገጥመው መታጠፍ እንደሚችል፣ ባለ ረጅም ጦሩ ግን መዞር እንኳ እንደማይችል ነው።

4ኛ መልስ። አንዲት ተሳታፊ ለዚሁ ውጊያ ሌላ ትርጉም ሰጠች። በእርሷ እይታ ፋላንክሱ በተሰለፈበት በቀኝ በኩል ሌጌዎኑን እየገፋ ነበር፤ የተሸነፈው ባልተሰለፈበት በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ ውጊያው የፋላንክስን ድክመት አያረጋግጥም። ፍርዱን የሰጠው ደግሞ ፖሊቢዮስ ስሙን እንኳ ያልመዘገበው አንድ የሮም ትሪቡን ነበር። ይህ መኮንን ድል ካደረገው ክንፍ 20 ማኒፑል (የሌጌዎን ትንሽ ክፍል) ያህል ሰው ቆርጦ በራሱ ውሳኔ ወደ ግራ በመዞር የፊልጶስን ቀኝ ከኋላ መታው። መቄዶንያውያኑ ሳሪሳቸውን ወደ ላይ አቁመው እጅ መስጠታቸውን ሲያመለክቱ ሮማውያኑ ምልክቱን ስላላወቁት ብዙዎችን እንደቆሙ ገደሏቸው። በዚህ ክር ከቀረቡት የውጊያ ትንታኔዎች ሁሉ እኔን በይበልጥ ያሳመነኝ ይህ ነው።

5ኛ መልስ። ዝሆን መነሣቱን ያየ አንድ አንባቢ ክሩን ወደ ቀይ ባሕር አዞረው። በአዱሊስ የነበረውንና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ተጓዥ የገለበጠውን የሦስተኛውን በጥሊሞስ ጽሕፈት አነሣ። ንጉሡ በዚያ ጽሕፈት እርሱና አባቱ ከዚህ አካባቢ ዝሆኖችን አድነው ወደ ግብፅ በመውሰድ ለጦርነት እንዳሠለጠኗቸው ይናገራል። መልስ ሰጪው ከዚህ ተነሥቶ በኪኖስኬፋላይ መቄዶንያን የደመሰሱት ዝሆኖች የእኛ አገር ዝሆኖች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ደመደመ።

6ኛ መልስ። ይህን ያረምሁት እኔ ነኝ። የአዱሊስ ጽሕፈት እውነተኛና ውድ ማስረጃ ቢሆንም የሚናገረው ስለ በጥሊሞሳውያን ሠራዊት ነው፤ ከአፍሪካ የተገኙት ዝሆኖቻቸውም በ217 በራፊያ ከሶርያው ንጉሥ ከታላቁ አንጥያኮስ የህንድ ዝሆኖች ጋር ተጋጥመው አልቻሏቸውም። ሮማውያን በግሪክ ምድር ያሰለፏቸው ዝሆኖች ግን ከካርታጎ የተማረኩትና የኑሚድያው ንጉሥ ማሲኒሳ የላከላቸው ስለሆኑ የሰሜን አፍሪካ ዝሆኖች ናቸው። ለታሪካችን ያለን ፍቅር ያልነበርንበትን ጦርነት እንድንወርስ ሊያደርገን አይገባም፤ ከማስረጃው በላይ የሄደ ኩራት ማስረጃውን ራሱን ያስንቃል።

7ኛ መልስ። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ገጠመኙን አካፈለ። የፋላንክስን አሠራር ለማስረዳት ተማሪዎቹን በረጅም የቀርከሃ ዘንግ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አሰልፎ ነበር። ልጆቹ ቆመው ሳሉና በቀጥታ ሲራመዱ መስመሩ አስደናቂ ሆኖ ይታይ ነበር፤ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ መሻገር ሲጀምሩ ግን ከፊሉ ቀደመ፣ ከፊሉ ዘገየ፣ ዘንጎቹም እርስ በርስ ተጠላለፉ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ፣ ሮም በ168 የመቄዶንያን ፋላንክስ በደመሰሰችበት በፒድና ውጊያ ምን እንደሆነ ማብራሪያ ሳያስፈልጋቸው እንደገባቸው ጻፈ። እንዲህ ያለ መምህር ላላቸው ልጆች ደስ ይለኛል።

8ኛ መልስ። የክሩ ቃና የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው መልስ ሰጪ በቀርከሃ የተደረገ የልጆች ጨዋታ ማስረጃ ሊባል እንደማይችል ከተናገረ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ የጻፍነው ሁሉ ዋናውን ነገር የሳተ እንደሆነ ገለጸ። በእርሱ አመለካከት መቄዶንያን የጣላት የግሪኮች ክህደት ነው። በ201 የሮድስ ሰዎችና የጴርጋሞን ንጉሥ አታሎስ መልእክተኞቻቸውን ወደ ሮም ልከው ፊልጶስን ባይከሱ ኖሮ፣ አይቶልያውያንም ፈረሰኞቻቸውን ለፍላሚኒኑስ ባይሰጡ ኖሮ ሮማዊ እግር ግሪክን አይረግጥም ነበር። ጠላት ከውጭ የሚገባው በር ከውስጥ ሲከፈትለት ነው የሚለውን ሐሳቡን በብርቱ ቃል ደጋገመው፤ በአራተኛው መልስ የጻፈችውንም ተሳታፊ ታሪክን ከሕዝብ ስሜት ለይታ ታነባለች ብሎ ነቀፋት።

9ኛ መልስ። ያቺው ተሳታፊ የሰጠችው መልስ ከነቀፋው የበረታ ነበር። ከሃዲ የሚባለው የታመነለት ሰው ሲኖር እንደሆነ፣ ፊልጶስ ግን በ202 የኪዮስን ከተማ ይዞ ሕዝቧን ለባርነት እንደሸጠ፣ የታሶስ ሰዎች በቃሉ ታምነው በራቸውን ከከፈቱለት በኋላ እነርሱንም እንደሸጣቸው ዘረዘረች። የአቢዶስንም ታሪክ አመጣች። በ200 የከተማይቱ ሰዎች ከፊልጶስ እጅ ከመውደቅ ሞትን መርጠው ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን መግደል ሲጀምሩ፣ ንጉሡ መሞት ለሚፈልጉ የሦስት ቀን ጊዜ እንደሚሰጥ አስነገረ። የሮም መልእክተኛ የነበረው ወጣቱ ማርቆስ አይሚልዮስ ሌጲዶስ ማስጠንቀቂያውን ያደረሰለትም በዚያው ከበባ ጊዜ ነው። ስምንተኛው መልስ ሰጪ እነዚህን ከተሞች ከሃዲ ከማለቱ በፊት አቢዶስ ቢኖር ምን ያደርግ እንደነበር ራሱን እንዲጠይቅ ነገረችው። የአነጋገሯን ጥንካሬ ያልወደዱት ነበሩ፤ እኔ ግን በአቢዶስ ጉዳይ ለስላሳ አነጋገር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

10ኛ መልስ። የመድረኩ አስተባባሪ ተሳታፊዎች እርስ በርስ ከመነቃቀፍ ተቆጥበው ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ አሳሰበ።

11ኛ መልስ። የታሪክ መምህሩ አባት እንደገና ገብተው ክርክሩን አበረዱት፤ ሁለቱም ወገኖች ያላነሡትን አንድ ነገርም ጨመሩ። በ200 የሮም ሕዝብ ጉባኤ ለጦርነት ሲጠራ በመጀመሪያው ድምፅ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ከሃኒባል ጋር በተደረገው የረጅም ዘመን ጦርነት ደክሞ ነበርና። ቆንስሉ (በየዓመቱ የሚመረጠው የሮም ከፍተኛ ሹም) ሱልፒክዮስ ጋልባ ጉባኤውን መልሶ ሰብስቦ፣ ፊልጶስ በመቄዶንያ ካልተገጠመ ኢጣሊያ ድረስ ይመጣል ብሎ ካስፈራራ በኋላ ነው ውሳኔው የተገኘው። ከአፍሪካ ዘመቻ የተመለሱትንም ያለ ፈቃዳቸው ማዝመት ተከልክሎ ነበር። መምህሩ ይህን ያነሡት የእኔን ሐሳብ ለመፈተን ነው፤ ብዙ ሰው ያላት አገር ሰዎቿ መዋጋት ካልፈለጉ ብዛቷ ምን ይጠቅማታል ማለታቸው ነበር። የጥያቄውን ክብደት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሮም ያንን ሁሉ ድካም ተሸክማ፣ ወዶ ዘማችን ጨምራ፣ በየዓመቱ ተተኪ ሠራዊት ወደ ግሪክ መላክ መቻሏ ራሱ የአቅሟን ልክ ያሳያል ብዬ አስባለሁ።

12ኛ መልስ። ሌላ ሰው ከ171 እስከ 168 ወደተካሄደው ሦስተኛው ጦርነት ተሸጋግሮ የፊልጶስን ልጅና ወራሽ ፐርሴዎስን ያጠፋው ገንዘብ ወዳድነቱ እንደሆነ ጻፈ። ፊልጶስ ሁለተኛውን ጦርነት ከዘጋው ከ196ቱ ውል በኋላ 500 መክሊት ወዲያው፣ 500 ደግሞ በአሥር ዓመት ከፍሎ፣ ልጁን ድሜጥሮስን በመያዣነት ልኮ ሳለ አገሩን በጸጥታ መልሶ ገነባ፤ ማዕድኑን አስቆፈረ፣ ልጅ የሚወልዱትን አበረታታ፣ ትራክያውያንን አምጥቶ አሰፈረ። በ179 ሲሞት ልጁ ፐርሴዎስ የወረሰው ሙሉ ግምጃ ቤትና አዲስ ትውልድ ነበር፤ በ171 ያሰለፈው ሠራዊት 43 ሺህ ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ ለኢሊሪያው ንጉሥ ለጌንትዮስ 300 መክሊት ቃል ገብቶ ከእርሱ የሰጠው 10 ብቻ ነው፤ 10 ሺህ ፈረሰኛና 10 ሺህ እግረኛ ይዘው የመጡትን ቅጥር ተዋጊዎች ባስታርናውያንን በክፍያ ምክንያት መለሳቸው። ድል ከሆነ በኋላ ሮማውያን በግምጃ ቤቱ ከ6 ሺህ መክሊት በላይ ወርቅና ብር አገኙ።

13ኛ መልስ። ወታደር የነበረው ተሳታፊ ፒድናን ይዞ ተመለሰ። በ168 ሰኔ ወር የሮማው ቆንስል ሉክዮስ አይሚልዮስ ጳውሎስ በብዙ ጦርነት ያለፈ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ፣ ፋላንክሱ ሲገሰግስ ያየበትን ጊዜ ሲያስታውስ ከዚያ የሚያስፈራ ነገር አይቼ አላውቅም ይል እንደነበር ጠቀሰ። ከጳውሎስ ሠራዊት የሮም የኢጣሊያ አጋር የሆኑት የፔሊኒ ጭፍሮች ዓርማቸውን ወደ ጠላት ወርውረው ሊያስመልሱት ገብተው በሳሪሳው አለቁ። ፋላንክሱ ግን ሮማውያኑን ወደ ኮረብታው ግርጌ እየገፋ ሲሄድ መሬቱ ስላልተስተካከለ መስመሩ ክፍተት አበጀ፤ ጳውሎስም ሠራዊቱ በትናንሽ ክፍል ተከፍሎ በየክፍተቱ እንዲገባ አዘዘ። ረጅም ጦር የያዘ ሰው ጎኑ ላይ የቆመን ባለ አጭር ጎራዴ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 20 ሺህ መቄዶንያዊ ሞተ፤ ከሮማውያን የሞቱት መቶ ያህል ብቻ ተባለ። መልስ ሰጪው ይህን ልዩነት የሰው ብዛት የሚያስረዳው ከሆነ እንዳስረዳው በድፍረት ጠየቀኝ።

14ኛ መልስ። አንድ የሥነ ፈለክ ወዳጅ ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት ጨረቃ መጨለሟን አነሣ። ሊቪዮስ እንደሚለው ጋይዮስ ሱልፒክዮስ ጋሉስ የተባለው መኮንን ግርዶሹን አስቀድሞ ለወታደሮቹ ስለነገረ አልደነገጡም፤ ሲሴሮ ግን ያስረዳቸው ከሆነ በኋላ ነው ይላል። የግርዶሹ ቀን በስሌት ስለሚታወቅ ውጊያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ (ጁን) 22 ላይ እንደዋለ ተረጋግጧል፤ በሮማውያን የዘመኑ አቆጣጠር ግን ሌሊቱ በመስከረም (ሴፕቴምበር) መጀመሪያ ተመዝግቧል። የቀን መቁጠሪያቸው ከፀሐይ ዑደት ያን ያህል ርቆ እንደነበር የሚያሳይ ጠቃሚ ነጥብ ነው።

15ኛ መልስ። በአገልግሎት ላይ ያለ ዲያቆን ያቀረበው አስተያየት ከርእሱ የወጣ ቢመስልም ለአንባቢዎቻችን ቅርብ የሆነ ነገር ነበር። ሮማውያን በ167 መቄዶንያን በአራት ክፍል ከፍለው አንፊጶልን፣ ተሰሎንቄን፣ ፔላንና ፔላጎንያን መዲናዎች አደረጉ፤ የአንዱ ክፍል ሰው ከሌላው ክፍል እንዳይጋባና መሬት እንዳይገዛ ከለከሉ፣ የወርቅና የብር ማዕድኑንም ዘጉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ፊልጵስዩስን ከመቄዶንያ ክፍል ጋር አያይዞ ሲጠራት ይህ አከፋፈል ከኋላው እንዳለ ዲያቆኑ አመለከተ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሳሞትራቄ በኩል መጥቶ በአንፊጶልና በመቄዶንያዋ (የኢሊሪያዋ ባልሆነችው) አጶሎንያ አልፎ ተሰሎንቄ የገባበት መንገድም ሮማውያን አገሪቱን ከያዙ በኋላ የሠሩት የኤግናትያ መንገድ ነው። ፐርሴዎስ ሸሽቶ የተማጸነባት ደሴት ያቺው ሳሞትራቄ መሆኗን እኔ ጨመርሁ። አንድ ሌላ አንባቢ የእነዚህ ነገሥታት ስም በእኛ መቃብያን ውስጥም እንዳለ ሊያመለክት ሲሞክር፣ ዲያቆኑ ፊልጶስንና ፐርሴዎስን የሚጠቅሰው በግሪክ የተላለፈው አንደኛ መቃብያን እንደሆነ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መቃብያን ግን በይዘቱ የተለየ መጽሐፍ መሆኑን አስረድቶ አረመው።

16ኛ መልስ። ስለ ኤጲሮስ የጻፈችው እህት ክሩን ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አሰኘችው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ167፣ ጳውሎስ በሴኔቱ ትእዛዝ የኤጲሮስን 70 ከተሞች በአንድ ቀን ዘርፎ 150 ሺህ ሰው ለባርነት አሸጠ። ፕሉታርክ እንደጻፈው ለእያንዳንዱ ወታደር የደረሰው ድርሻ 11 ድራክማ ብቻ ነበር። ከዚያው ዓመት ጀምሮ የሮም ዜጎች ቀጥተኛውን የጦርነት ግብር መክፈል አቆሙ። ጳውሎስ በድል በዓሉ ሰሞን ሁለት ወንዶች ልጆቹ ሞቱበት፤ አንዱ ከበዓሉ አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሌላው ሦስት ቀን ዘግይቶ፤ ሐዘኑን በጽናት መቀበሉንም ጸሐፊዎች ያደንቃሉ። መልስ ሰጪዋ የእነዚያን የ150 ሺህ ሰዎች ልጆች የሚያስታውስ ጸሐፊ አለመኖሩን አመለከተች። እኔም ስለ ስልት ስንከራከር ይህ ቁጥር ከፊታችን እንዳይርቅ አጥብቄ እመኛለሁ።

17ኛ መልስ። ለወታደሩ ጥያቄ ምላሽ የሰጠሁት እዚህ ነው። የጎራዴው ብልጫ በፒድና የሞቱትን ብዛት ያስረዳል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ከፒድና ሦስት ዓመት በፊት፣ በ171፣ በካሊኒኮስ የሆነውን እንመልከት። ፐርሴዎስ የቆንስሉን የሊክንዮስ ክራሱስን ጦር በፈረሰኞች ውጊያ አሸንፎ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ገደለበት። ከዚያ በኋላ ዕርቅ የለመነው አሸናፊው ፐርሴዎስ ነው፤ አባቱ ይከፍለው የነበረውን ገንዘብ እንደሚከፍል፣ አባቱ የለቀቀውንም ምድር እንደሚለቅ ቃል ገባ። ተሸናፊው ቆንስል ደግሞ ንጉሡ ራሱንና አገሩን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ካላስረከበ አልታረቅም አለ። በአንድ ውጊያ ያሸነፈ ንጉሥ እንዲህ የሚለምነው ድሉ ሮምን እንደማያጎድላት፣ የእርሱ አንድ ሽንፈት ግን መንግሥቱን እንደሚያሳጣው ስላወቀ ነው።

18ኛ መልስ። አራተኛዋ ተሳታፊ ለዚህ የአንድሪስኮስን ጉዳይ አከለችበት። ይህ ሰው የፐርሴዎስ ልጅ ፊልጶስ ነኝ ብሎ ተነሥቶ በትራክያውያን ርዳታ መቄዶንያን ያዘ፤ በ149 የሮማውን ፕሪቶር (ከቆንስል በታች ያለ ሹም) ዩቬንትዮስን ከነሠራዊቱ ደመሰሰው፤ አዛዡም በውጊያው ሞተ። ሮም በሚቀጥለው ዓመት በኩዊንቱስ ካይኪልዮስ ሜቴሉስ የሚመራ የበለጠ ጦር ላከች፤ አንድሪስኮስ በዚያው በፒድና አቅራቢያ ተሸነፈ፤ መቄዶንያም የሮም አውራጃ ሆነች። በዚያን ጊዜ ሮም ከካርታጎ ጋርም እየተዋጋች እንደነበረ ተሳታፊዋ አስታወሰች።

19ኛ መልስ። ወታደሩ የአንድሪስኮስን ማስረጃ ያለ ማቅማማት ተቀበለ፤ ቢሆንም ከባድ ጥያቄ ትቶልኝ ሄደ። ታላቁ አንጥያኮስ በ190 በማግኔስያ ሲሸነፍ፣ ሊቪዮስ እንደሚለው 70 ሺህ ያህል ሰው አሰልፎ ነበር፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ግዛቱም ከፊልጶስ መንግሥት በብዙ እጥፍ ይሰፋ ነበር። ሆኖም ከዚያች አንድ ቀን በኋላ ሌላ ሠራዊት ሳያሰባስብ ከታውሮስ ተራራ ወዲህ ያለውን ምድር ለቀቀ፣ 15 ሺህ መክሊትም ለመክፈል ተስማማ። ሰው ያላነሰው ንጉሥ ለምን እንደ ፊልጶስ በአንድ ውጊያ ተንበረከከ? ለዚህ መልስ ለመስጠት የአንጥያኮስ ፋላንክስ ከየትኞቹ ሰፋሪዎች ይመለመል እንደነበረ፣ ምሥራቁ ሰው ያዋጣ የነበረው በምን ዓይነት ግዴታ እንደሆነ መመርመር ስለሚያስፈልግ፣ ማግኔስያን ለብቻው በአዲስ ክር እንድንከፍተው ተስማምተናል፤ የመክፈቻውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው እርሱ ነው።